እኔን የማይሰማ ማይክ

የልጆቼ እናት የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶቿ መነቃነቅ ከጀመሩ ሁለት ክረምት አለፋቸው። መጀመሪያ ቆሎ ተወች፣ ቀጥላ በሰው ፊት መሳቅ ተወች። ከሳቀችም የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጣል አድርጋ ነው። እኔ ደግሞ የሚያስቅ ወሬ ከገበያ እየለቀምኩ አመጣላታለሁ፤ ሻሹ ወደ አፏ ሲሮጥ ማየት ደስ ይለኛል። ይህን ስለምታውቅ እኔ ገና ለወሬ ጉሮሮዬን ስጠርግ እሷ ሻሿን ታዘጋጃለች።

በጉልበቴ ዘመን በቅሎ መራጭ ነበርኩ። ነጋዴ አላልኩም፤ መራጭ ነው ያልኩት። በመካነ ሰላምም ሆነ በከላላ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው "እስቲ አንተ እያት" ብሎ ይዞኝ ይሄዳል። እኔ ከንፈሯን ገልጬ ጥርሷን አያለሁ፣ እግሯን አነሳለሁ፣ ጆሮዋን እመለከታለሁ፤ ከዚያ "ውሰዳት" ወይም "ተዋት" እላለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው መርቆኛል፤ የረገመኝም አይጠፋም፣ ግን እሱ ፊቴ አልረገመኝም።

ደሴ ከምታስተምረው የመጨረሻ ልጃችን ዘንድ ሄደን ሐኪም ሲያያት አብሬ ነበርኩ። ሐኪሙ በመብራት አየ፣ በብረት ነካ ነካ አደረገ፣ አራቱም መውጣት አለባቸው አለ። ድዱ እስኪደርቅ ተጠብቆ ሌላ ይሠራላቸዋል ብሎ ለማውጣቱ ከሃያ ቀን በኋላ ቀጠረን። ስንወጣ የልጆቼ እናት ወደ እኔ ዞረች።

"የሰው በቅሎ ጥርስ ሲያዩ ኖረው የቤትዎን ሳያዩ ቀሩ" አለችኝ።

ሐኪሙ ሰማና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

እሷ ግን እንደዚያ እየቀለደች በውስጧ ሌላ ነገር ይዛለች። ልጃችን ቤት ገብተን ምሳ እንደበላን ነገሩን አወጣችው። ከእናቷ የወረሰችው አንድ ረጅም መንዙማ አለ። ሴቶች ለዱዓ ሲሰበሰቡ እናቷ ታወጣው ነበር፣ ከእናቷ በኋላ እሷ ያዘችው። ወረቀት ላይ የለም። ሁለት ተቀባዮች ነበሯት፤ አንዷን አላህ ይዘንላት አለፈች፣ አንዷ ልጇን ተከትላ ከላላ ገባች። እነሱም ቢሆኑ የሚያውቁት መቀበሉን እንጂ ማውጣቱን አይደለም። ማውጣቱን የምታውቅ እሷ ብቻ ቀርታለች። እንግዲህ አራቱ ጥርሶች ሲወጡ ነፋስ በዚያ በኩል ይሾልካል፣ ቃሉ ይሰባበራል ብላ ፈርታለች።

ልጃችን ሌላ ይሠራልሽ የለም ወይ ብትላት እሺ አላለችም። "በተገዛ ጥርስ የእናቴን መንዙማ አልልም" አለች።

ያን ጊዜ ልጃችን እንግዲያው ሳይወጡ እንቅዳዋ አለች። ስልኳን አውጥታ እዚያው ሞከረች። የወጣው ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ሰው ይመስላል። በዚያ ላይ እናትየዋ ሁለት ስንኝ ብላ አቆመች። ተቀባይ የለማ። መንዙማ እንደ ዘፈን ብቻውን አይሄድም፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ አውጪው በዚያች መካከል ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ቀጣዩንም ያስባል። ተቀባይ የሌለው አውጪ ደረጃ ሲወርድ መርገጫው እንደጠፋበት ሰው ነው።

ልጃችን ሥራ ነበረባት፣ እኛም ከብት ጥለን ነው የሄድነው። ስለዚህ እንዲህ ብለን ተስማማን፤ አገራችን ገብተን ቤታችን እንቀዳለን፣ ተቀባይም እዚያ እንፈልጋለን፣ ለስልኬ የሚሰካ ርካሽ ማይክ ደግሞ ከመካነ ሰላም እገዛለሁ። "ውዱ አያስፈልግም አባዬ፣ ለቤት የሚሆን ብቻ ይግዙ፣ ግን ሳይሞክሩ እንዳይገዙ" ብላ ልጄ አደራ አለችኝ። እኔ መምረጡን ለእኔ ተዉት አልኩ። የልጆቼ እናት አየችኝ።

"ማይክ ጥርስ የለው። ምኑን ሊያዩ ነው?"

አገር ቤት ስንገባ የተቀባይ ነገር መጣ። የሰፈሩን ሴቶች ልጥራልሽ አልኳት። አይሆንም አለች። ለእነሱ አፏን ከፍታ እየተነቃነቀ የሚታይ ጥርስ ልታሳይ አትፈልግም፤ በሻሽ ሸፍኖ ደግሞ መንዙማ አይወጣም። ማን ቀረ ታዲያ? እኔ ቀረሁ።

ስለ ድምፄ ለሚያውቁኝ መንገር አያስፈልግም። ለማያውቁኝ ግን አንድ ነገር ልበል። ስንጋባ አማቼ፣ ያቺው የመንዙማው ባለቤት፣ በሠርጉ ላይ ስቀበል ሰምታኝ ኖሮ ጠርታ፣ ትከሻዬን ይዛ፣ "ልጄን ወስደሃል፣ መርቄሃለሁ፤ ድምፅህን ግን ለበቅሎዎችህ አድርገው" አለችኝ። የሞቱ ሰዎች ቃል ይከበራል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከበቅሎ በቀር ለማንም አልተጣራሁም።

ይህን የልጆቼ እናት አልረሳችም። ወደ ገበያ ልወጣ ስል በር ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦ "እንግዲህ መራጭ አንቱ ነዎት። ለእኔ ጆሮ ያለው፣ ለአንቱ ጆሮ የሌለው ማይክ ይፈልጉ።"

እኔ ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አልነበረም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ያልገባኝ እኔ ነኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ድሮ ሬድዮ ጠጋኝ የነበረ፣ አሁን ሞባይል ጠጋኝ የሆነ ሰው አለ። ጢሙ ሸብቷል። ክርስቲያን ነው፣ ግን ዕቃውን ሲያሞግስ ወላሂ የሚለው ከእኛ በላይ ነው። ለምን እንደፈለግሁ ስነግረው በጥሞና ሰማኝ፣ ከዚያ አራት ማይክ ከመደርደሪያ አወረደ።

የመጀመሪያው መብራት የሚበራበት፣ ድምፅ ማጉያው በራሱ ላይ ያለ ነው። አንድ ቃል ሲሉት ሦስት አድርጎ ይመልሳል። ሞክር ሲለኝ "አሰላሙ አለይኩም" አልኩበት፤ ማይኩ ሦስቴ ሰላም አለ፣ በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሰዎችም ቆመው "ወአለይኩም ሰላም" አሉ። እኔን ፈልገው ሲያጡኝ ሄዱ። ይህ ለልጆች ልደት ነው ብሎ አስቀመጠው።

ሁለተኛው ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር ነው። ይህን የልጆቼ እናት ደረቷ ላይ ብሰካላት በረሮ መስሏት ታራግፈዋለች አልኩ። እሱም ቀረ።

ሦስተኛው ጠቆር ያለ፣ የእጅ፣ ራሱ ላይ ወንፊት የመሰለ ብረት ያለው ነው። ሰውየው ይችን ይውሰዱ አለኝ። ዳይናሚክ ትባላለች፣ ግማሽ ደንቆሮ ናት፣ አፍ ካላስጠጉላት አትሰማም፣ ለእርስዎ ጉዳይ የምትሆነው እሷ ናት፣ በዋጋም ትቀላለች አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አሰብኩም፣ ግን በተሳሳተ በኩል አሰብኩ። ስንት ዓመት ገበያ ስውል "ርካሹን ውሰድ" የሚል ነጋዴ ያየሁት ዕቃው እንከን ሲኖረው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ግማሽ ደንቆሮ ናት ብሎ በአፉ ነግሮኛል። አንካሳ መሆኗን ነግሮ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ምን ያህል ሊያስወግዳት ቢፈልግ ነው አልኩ በሆዴ። ለራሴ ፈገግ አልኩ። እኔን አታሞኝም ማለቴ ነው።

አራተኛው በራሱ ማቆሚያ የቆመ፣ ወፈር ያለ ነበር። ኮንደንሰር ነው አለኝ። ስልክ ላይ ሰክቶ፣ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን አድርጎልኝ፣ ይስሙ አለ። ያ አላህ። ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርት የምትመዝነው ሴት ድንጋዩን ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ሳንቲም የሚፈልገውን ሰው ኪስ ሰማሁ። አህያ ስትተነፍስ ሰማሁ። የራሴን ትንፋሽ ሰምቼ ማን ነው ብዬ ዞርኩ። ይህ ጆሮው የቆመ ነው፣ ሕይወት ያለው ነው አልኩ። ሰውየው ለቤት ይህ ይከብድዎታል፣ የማይፈልጉትንም ይሰማል ቢለኝ እኔ እንግዲህ ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን ነበር። አልሰማሁትም ማለት አልችልም፤ ሰምቻለሁ። ግን ገዛሁ።

ቤት ስገባ የልጆቼ እናት ማይኩን ዙሪያውን አየችው። ይህ ሁሉ ገላ ለአንድ ጆሮ ነው ወይ አለች። ቆይ ትሰሚዋለሽ አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ትልቁ ቤት ውስጥ አቆምነው። ልጃችን በስልክ እንዳስተማረችኝ ቀይዋን የመቅጃ ክብ ነካሁ። እሷ አወጣች፣ እኔ ሁለት ክንድ ያህል ከኋላዋ ሆኜ ተቀበልኩ። ቀስ ብዬ ነው የተቀበልኩት፤ ወላሂ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነበርኩ። መንዙማው ረጅም ነው፣ እስኪያልቅ ላቧ ወጣ። አንዱ ጥርሷም ከበፊቱ ብሶበት መላወስ ጀመረ፤ በምላሷ እየደገፈችው እንደጨረሰች ኋላ ነገረችኝ።

ከዚያ ቁጭ ብለን ሰማን።

መጀመሪያ የተሰማው የቤታችን ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ሲመታው ጧ ጧ ይላል፤ ሠላሳ ዓመት ከሥሩ ስንኖር ልብ አላልነውም። ቀጥሎ ጎረቤት እንጨት ፈለጠ። ወደ ወግዲ የሚሄድ አይሱዙ ዳገቱን ሲያቃስት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ። ዶሮዋ እንቁላል ጥላ አገር ያውቅልኝ አለች። በዚህ ሁሉ መካከል የልጆቼ እናት ድምፅ፣ ያ የማውቀው ድምፅ፣ በእንግዳ በተሞላ ቤት ጥግ እንደተቀመጠች አሮጊት ሆኖ ይሰማል። የእኔ ግን አይጠየቅም። እሷ በቀስታ ስታወጣ እኔ እንደ ደራሽ ጎርፍ እደርስባታለሁ። የቆርቆሮው ቤት ደግሞ ድምፄን ተቀብሎ ይመልሰዋል፤ አንድ እኔ ሳይበቃ ሁለት እኔ።

እስኪያልቅ ሰማች። ከዚያ "ዶሮዋ ትሻላለች" አለች። "እሷስ ቢያንስ እንቁላል አላት።"

እሷ በቀልድ ብታልፈውም እኔ ደነገጥኩ። ለቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። ድምፁ እስኪያርፍ ሦስት አራት ቀን ያስፈልጋታል፣ ያ ጥርስ ደግሞ እስከዚያ ይቆይ አይቆይ አላህ ያውቃል። አንድ ጊዜ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው የቀራት። ያቺን አንዷን ጊዜ እኔ በኩራቴ አበላሸሁባት።

በረቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። ለስንት ሰው ነው በቅሎ ስመርጥ ይህን የመከርኩት! ጆሮዋ በየአቅጣጫው የሚዞር በቅሎ አትግዛ፤ ወፍ ሲነሳ ትሰማለች፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ትሰማለች፣ ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ ጌታዋን ጥላ ትሄዳለች። የምትገዛው ጆሮዋን ወደ ጋላቢዋ የምታደርገውን ነው እል ነበር። ይህን እያወቅሁ ለራሴ ቤት ስገዛ ጆሮው በሚዞረው ተማረክሁ። ለሰው መራጭ ለራሱ ምርጫ የለውም መሰለኝ።

ማይኩን በፌስታል ጠቅልዬ ተመለስኩ። ጠጋኙ ገና ሲያየኝ ገባው፤ ግን ሽማግሌ ስለሆንኩ ሳቁን ዋጠው።

"ምን ሆነች አባቴ?"

"ጆሮ በዛባት" አልኩት። "ያቺን ደንቆሮዋን ስጠኝ።"

ወላሂ ነግሬዎት ነበር አለ። ነግረኸኛል አልኩ። ከዚያ ተቀምጦ አስረዳኝ፣ እኔም በዚህኛው ጊዜ ሰማሁት። አፏን አራት ጣት ያህል ታስጠጋ። ይቺ ማይክ በፊቷ ያለውን ነው የምትሰማው፤ ከጀርባዋ የተቀመጠ ሰው ለእሷ የለም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትቅዱ፣ ባዶ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳል፤ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ጆንያ ያለበት ክፍል ፈልጉ። አፍ ሲቀርብ ትንፋሽ ዱብ ዱብ ስለሚል የስፖንጅ ቆብ ያስፈልጋታል። ቆቡን ስጠኝ ስለው አልቋል አለ። በዋጋው ልዩነት ማቆሚያ ጨመረልኝና ወጣሁ።

የልጆቼ እናት ሁለተኛዋን ስታያት ይቺ ደግሞ ምን ትችላለች አለች። አንቺን ትሰማለች፣ እኔን አትሰማም አልኳት። በደንብ አየቻት።

"ብልህ ናት" አለች።

እህል ቤታችን ትንሽ ናት፣ መስኮት የላትም፣ ጣሪያዋ ሣር ነው። በሦስት በኩል የገብስና የስንዴ ጆንያ ተደርድሯል። በሩ ላይ ባናዬን፣ ያን ወፍራም የሱፍ ልብሴን፣ ሰቀልኩ። ማይኳን መካከል አቆምኩና ገብቼ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባው እዚያው ወድቆ ቀረ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ ጆንያ ድምፅ ይበላል። ዶሮዋን ደግሞ ለጎረቤት አደራ ሰጠሁ።

እሷ ድምፅዋን አራት ቀን አሳረፈች። በእነዚያ አራት ቀናት በምልክት ነበር የምታዘኝ። በእጇ ስትጠራኝ፣ በቅንድቧ ስትቆጣኝ፣ ከድሮው ይልቅ ብዙ ነገር ያዘዘችኝ መሰለኝ። የጎደለው ስድብ ብቻ ነው፤ እሱንም በአይኗ አሟላችው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ገባን። እሷ ጆንያ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ከማይኳ ጀርባ፣ ከእሷ ፊት ለፊት። አፍሽን አስጠጊ አልኳት። አስጠጋችና ወዲያው ራቀች። ይቺ ማይክ ሱቅ ውስጥ ስንት ሰው ተንፍሶባታል አለች። ወሬኛው ሁሉ "ሄሎ ሄሎ" ያለባት ናት፤ እኔ የእናቴን መንዙማ ከዚያ ሁሉ ምራቅ ጋር አላገናኝም አለች። የስፖንጁ ቆብ እንደሌለ ነገርኳት። አሰብ አደረገችና አፏን የምትሸፍንበትን ያን ስስ ሻሽ ከአንገቷ ፈታች፣ ሁለት እጥፍ አድርጋ የማይኳ ራስ ላይ አለበሰቻት፣ ከሥሯ በክር አሰረች። ሞከርነው። ዱብ ዱብ የሚለው ትንፋሽ ጠፋ። ጠጋኙ ከዚያ በኋላ ስለ ቆቡ ሲጠይቀኝ ይህን ነገርኩት፤ አሁን እሱም ለገዢዎቹ ስስ ጨርቅ ይመክራል፣ የሚመክረው ግን ከራሱ እንዳገኘው አድርጎ ነው።

ሻሹ ማይኳ ላይ ሄደ፣ የእሷ አፍ ተገለጠ። ሁለት ክረምት ያላየሁትን ነገር አየሁ። አራቱ ጥርሶች ረዝመዋል፣ ተራርቀዋል፣ አንዱ ወደ ውስጥ ዘምሟል። እሷም ማየቴን አየች፤ እጇ ወደ አንገቷ ሄዶ ሻሹን ፈለገ፣ አላገኘም። በዕድሜዬ ጥርስ አይቼ አስተያየት ሳልሰጥ የቀረሁበት ቀን ያ ብቻ ነው። "ቢስሚላህ በይ" አልኳት፣ ቀይዋን ክብ ነካሁ።

አወጣች። በዚያች ጨለም ባለች ክፍል፣ አራት ጣት ከማይኳ ርቃ፣ አይኗን ጨፍና። እኔም ተቀበልኩ። በሙሉ ድምፄ ነው የተቀበልኩት፤ ማይኳ አትሰማኝም፣ አማቼም እዚያ ሆና ይቅር ትበለኝ። መንዙማው ግማሹን አለፈ። ያ የዘመመው ጥርስ ሲላወስ ታየኝ፣ እሷ በምላሷ እያስተካከለች ሄደች።

ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። እኔ ተቀብያለሁ፣ ተራው የእሷ ነው፣ ቃሉ አልመጣም። አይኗን ገለጠች። ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ጥርሷን ሊነቅሏት ቀጠሮ ሲሰጧት አልነበረም። እንደገና ልጀምር ብትል ድምፁም ጥርሱም አይፈቅድላትም፤ ሁለታችንም አውቀናል። እኔ አሁንም ደግሜ ተቀበልኩ፣ ጊዜ እንድታገኝ። አልመጣም።

ያን ጊዜ የሚቀጥለውን ስንኝ የመጀመሪያ ሁለት ቃል አቀበልኳት።

ለጥቂት አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ቃሉን ያዘችና ሄደች፤ እስከ መጨረሻው ሳትቆም ሄደች። አሚን አልን። ቀይዋን ክብ ነካሁ።

"ከየት ያውቁታል?" አለችኝ። ሳቅም ስላቅም የለባትም።

ሴቶቹ ዱዓ ሲቀመጡ በቅሎዎቻቸውን ውጭ የሚጠብቀው ማን ነበር አልኳት። አርባ ዓመት ከግድግዳው ማዶ ቆሜአለሁ። ማውጣት አልችልም፣ መቀበልም አልችልም ተብዬአለሁ፤ መስማት ግን የከለከለኝ የለም።

እጇን ዘርግታ ከጋቢዬ ላይ የተጣበቀ ገለባ አነሳችልኝ። "ለበቅሎዎቹ አድርገው ያለችው እናቴ ይህን አላወቀች" አለች።

የተቀዳውን ሰማነው። ቆርቆሮ የለም፣ አይሱዙ የለም። እሷ ብቻ ናት፣ ጆሮህ ሥር ተቀምጣ የምታወጣልህ ይመስላል። በየስንኙ መካከል ግን ዝምታ አለ። እኔ እዚያ ውስጥ ነበርኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ተቀብዬአለሁ፤ ማይኳ አንዷንም አልያዘችም። ያቺን የጠፋችውን ቃል ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ እሷንም አልመሰከረችልኝም። እዚያ ቦታ ላይ ዝምታው ትንሽ ይረዝማል፣ ከዚያ የልጆቼ እናት ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች። ሰው ቢሰማት ትንፋሽ እየሰበሰበች ነው የሚላት።

"ታዛዥ ማይክ ናት" አለች። "ያዘዝኳትን አደረገች።"

ለልጃችን በስልኬ ላክሁላት፤ ኔትወርኩ እየተቋረጠ እስኪሄድ ረፋዱ አለቀ። በቀጠሮው ቀን ደሴ ሄድን፣ አራቱም ወጡ። ሐኪሙ አላስቸገሩኝም፣ በቃን ብለው የቆዩ ናቸው አለ።

ከተመለስን ሁለት ሳምንት ያህል እንደሆነን ልጃችን ደወለች። ልጆቿ መንዙማውን ሲሰሙት በዝምታው መካከል ራሳቸው መቀበል ጀምረዋል አለች። ማንም አላስተማራቸውም፤ ባዶ ቦታ ሲያገኙ ገቡበት። ትንሿማ አያቷ እየጠበቀቻት እየመሰላት ትቻኮላለች አለች።

የልጆቼ እናት ስልኩን ስትዘጋ እኔም ልስማው አለች። የአፏ እብጠት ጎድሏል፣ ቃሏ ግን እንደፈራችው በመካከሉ ይሾልካል፣ ሰ ስትል ነፋስ ይወጣል። እህል ቤት ገባን፤ እዚያ ለምዶብናል፣ ማይኳም ሻሿን እንደለበሰች ቆማለች። ስልኩን ጆንያው ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ድምፅዋ መጣ፣ ሙሉ ሆኖ፣ በጥርሱ። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፣ ዝምታው ደረሰ። ሁለታችንም ዝም አልን። ሁለተኛው አለቀ።

በክርኗ ጎሰመችኝ። "ይቀበሉ እንጂ።"

"ድምፄ እኮ ያው ነው" አልኳት።

"ያው ይሁን። ትጠብቅዎታለች።"

ተቀበልኩ። እሷም ከእኔ ጋር ተቀበለች፣ በዚያ ነፋስ በሚሾልክበት አፏ፣ ለራሷ ድምፅ። ሁለት ሽማግሌዎች እህል ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀበልን። ያቺ ረዘም ያለችው ዝምታ ላይ ስንደርስ ሁለቱን ቃላት ጮክ ብዬ አልኳቸው፤ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትም ወዲያው ተቀብላኝ ቀጠለች። ኩራት ተሰማኝ። ፊቴ ላይ ታይቶ መሆን አለበት፣ የልጆቼ እናት አየችኝና ሳቋ መጣ። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፣ ሻሹን ፈለገ። ሻሹ ማይኳ ላይ ነው። ተወችውና እንዲሁ ሳቀች።